ከታንኩ ውስጥ ሁለቴ

መቼም ሰው የማያወራው የለም፣ የኛ ሰፈር ደግሞ ይብስበታል። እዚህ ጌጃ ሰፈር እገሌ ጥላ አየ፣ እገሊት በሯ ተንኳኩቶ ስትከፍት ማንም የለም ሲባል፣ እኔ ቶሎሳ "አይጥ ነው፣ ወጥመድ ግዙ" ብዬ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ ሠላሳ ዓመት መኪና ስፈታ የኖርኩ መካኒክ ነኝ፣ የሚንኳኳ ነገር ሁሉ የላላ ብሎን አለው ብዬ አምናለሁ፣ አምን ነበር ልበል። ይኼን የምነግራችሁ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠብታ መጠጥ ሳልቀምስ የሰማሁትን ነው፣ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ጋሽ ግርማ ልንገራችሁ፣ ቤታቸው ከጋራዤ ማዶ ነው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በመኪና ውድድር ተለክፈው አንዲት ቀይ አሮጌ መኪና እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ደንበኛዬ ነበሩ። የውድድር መኪና የቤንዚን ታንክ እንደ ታክሲ ባዶ ቆርቆሮ አይደለም፣ ውስጡ ስፖንጅ ይጠቀጠቅበታል፣ ኩርባ ላይ ቤንዚኑ እንዳይናጥ፣ ግጭት ቢመጣም እሳቱ እንዳይብስ። ስፖንጁ ታዲያ ዕድሜ አለው፣ ሲያረጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው የነዳጅ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ይደፍነዋል፣ ሞተሩም ነዳጅ ያጣል። ጋሽ ግርማ ይኼን አሳምረው ያውቃሉ፣ ከመንዳታቸው በፊት ሁሌ ታንኩን በጣት ቀለበታቸው ሁለቴ ያንኳኩና ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰሙታል፣ ከዚያ "ደህና ናት" ይላሉ፣ እኛም ሐኪሙ መጡ እያልን እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን ስፖንጁ አልቆለታል፣ ከውጭ ማስመጣት አለብን አሉኝ። "ለእኔ ይተዉት ጋሼ" አልኳቸው። ዕቃ ለሚያመላልስ አንድ ወዳጄ ልነግረው ነበር፣ ረሳሁት፣ እውነቱ ይኼው ነው። ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው መጥተው ስፖንጁስ ሲሉኝ አፌ ቀድሞኝ መጥቷል አልኩ፣ "ቶሎሳ ካለ አለ ነው" ሲባልልኝ የኖርኩ ሰው እንዴት ረሳሁ ልበል? ሄጄ ቢጫ የፍራሽ ስፖንጅ ገዛሁ፣ በቢላ ቆራርጬ ጠቀጠቅኩበት። አንኳኩተው ሰሙት፣ ድምፁ ያው የተጠቀጠቀ ታንክ ድምፅ ነው፣ ድፍን። "እጅህ ይባረክ" አሉኝ፣ ያቺ ምርቃት እስከ ዛሬ ታሳክከኛለች።

ቤንዚን የፍራሽ ስፖንጅን ምን እንደሚያደርገው መካኒክ ሆኜ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ለአንድ ቀን ይይዛል ብዬ ነው። አልያዘም። በውድድሩ ዕለት ኩርባው ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ፣ ከኋላ የመጣው መኪና ጠረማመሳቸው። አንድ ወር ሆስፒታል ተኙ፣ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው "ማርሽ ስቼ ነው ቶሎሳ፣ እርጅና ነው፣ አንተ ምን ታደርግ" አሉኝ። እኔ ደግሞ ፊልትሮውን ፈትቼ ቢጫ ፍርፋሪውን በዓይኔ አይቼ፣ ማንም ሳያየው ጥዬ ነበር የሄድኩት። ልናገር ስል ነርሷ ገባች፣ ነርሷ ስትወጣ ደከማቸው፣ ሰበብ መቼ ይጠፋል። በሳምንቱ አረፉ።

ዘንድሮ ልጃቸው ማርታ መኪናዋን አስጎትታ አመጣችልኝ፣ የአባቴን መኪና እኔ ልነዳት ነው፣ ያስተካክሉልኝ ብላ። ታንኩን እስከዚያ ድረስ የከፈተው ሰው አልነበረም። ብቻዬን ላጸዳው ፈለግኩ፣ ለዚህም የግንቦት ልደታን ቀን መረጥኩ፣ የዚያን ዕለት ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ ይበላል፣ ጋራዥ የሚከፍት የለም። ጎረቤቶቼ አይተውኝ ኧረ በልደታስ ቁልፍ አታንሳ ሲሉኝ፣ የረሳሁት ዕቃ አለ ብዬ ገባሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት።

ታንኩን አውርጄ ከፈትኩት፣ ያ የፍራሽ ስፖንጅ ቢጫ ገንፎ ሆኗል፣ በእጄ እየዛቅኩ ላስቲክ ሞላሁ፣ ሁለቴ አጠብኩት፣ በባትሪ አበራሁበት፣ ባዶ ነው፣ ንጹሕ ቆርቆሮ። ክዳኑን አሠርኩና እጄን ልታጠብ ዞር ስል፣ ኳ፣ ኳ። ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን ባዶ ታንክ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው፣ ይኼ ድፍን ነበር፣ እመኑኝ፣ ጆሮዬ በዚህ አይሳሳትም። ተመልሼ በካቻቢቴ እጀታ መታሁት፣ ድፍን። ከፈትኩት፣ ባዶ። ዘግቼ መታሁት፣ ድፍን። ውጪ ሰዉ ሲሳሳቅ ይሰማኛል።

ይኼኔ ማርታ ንፍሮ በሳህን ይዛ ገባች፣ ጎረቤቶች ናቸው እዚህ እንዳለሁ የነገሯት። ታንኩን ስታይ ጎንበስ አለችና በአውራ ጣቷ ባደረገችው በአባቷ ቀለበት ሁለቴ አንኳኳችው። እንደ ደወል ጮኸ። ለእኔ ድፍን የሆነው ለእሷ ባዶ ሆነ። አዲስ ስፖንጅ እስኪመጣ ነው ባዶ ያደረግኩት አልኳት፣ ይኼ እንኳ እውነት ነበር። ሳህኑን እንደያዘች ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ አባዬ እውነት ማርሽ ስቶ ነው?"

"ይመስለኛል" አልኩ።

ኳ፣ ኳ። በሁለታችን መሐል፣ ማንም ሳይነካው። ማርታ ታንኩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ እኔም ሙቀቱ ነው፣ ቆርቆሮ ሲሞቅ ይንኳኳል አልኩ። ንፍሮውን አስቀምጣ ወጣች።

አሁን ትክክለኛው ስፖንጅ መጥቷል፣ ካርቶኑን እሷ እያየች ከፍቼ በገዛ እጄ ከተትኩት፣ ፖምፓውንም ፊልትሮውንም በአዲስ ቀየርኩ። መኪናዋን እስከ ልደታ ማርያም ነድቼ ተመለስኩና ፊልትሮውን ስፈታው ቢጫ ፍርፋሪ አለበት። አዲሱ ስፖንጅ ጥቁር ነው። ሦስቴ ቀየርኩ፣ ሦስቴም ያው ቢጫ። እንዲያም ሆኖ መኪናዋን ለማርታ አስረከብኳት።

ውድድሩ እሑድ ነው። ትናንት ማርታ ደወለች፣ ስነዳት ከኋላዬ ሁለቴ ሁለቴ ይንኳኳል፣ የሚያሰጋ ነገር ይኖር ይሆን፣ ካለ ልቅር አለችኝ። ለእናንተ ይኼን ሁሉ ዘረገፍኩት አይደል፣ ለእሷ "ቅሪ" የምትል አንዲት ቃል ነበር የቀረችኝ።

"አታስቢ ማርታዬ፣ ለእኔ ተይው" አልኳት።

እሺ ጋሼ አለች፣ ልክ እንደ አባቷ አምናኝ፣ ስልኩን ዘጋችው።