ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሚጠፋው ላፕቶፕ

ፋርማሲስቷ ላፕቶፑን ጠጋኙ ፊት አስቀምጣ፣ እጇን ከላዩ ሳታነሳ ቆመች።

«ምን ሆነ?» አላት።

«ጌም ስከፍትበት እንደ ካውያ ይግላል። ከዚያ ድርግም ይላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ድልድዩ ጋ ስደርስ።»

ላፕቶፑ የባሏ ነበር። በመኪና አደጋ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እሷም እናቱን ትታ መሄድ አልሆነላትምና እዚያው ከአማቷ ጋር ቀረች። በሕይወት ሳለ ጌሙ ውስጥ ከተማ ይገነባ ነበር። አሁን እሷ ከሥራ ስትመለስ በዚያ ሰው በሌለበት ከተማ ብቻዋን ትዘዋወራለች። ከድልድዩ ማዶ ምን እንዳለ ግን አይታ አታውቅም። ልትሻገር ስትል ፋኑ እንደ ታመመ ሰው ያቃስትና ስክሪኑ ይጨልማል። «አትምጪ» የሚላት ይመስላታል። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

ጠጋኙ በካቻቪቴ ክዳኑን ፈታ። ፋኑ በአቧራ ታፍኗል፤ አቧራው መሃል ረጃጅም ፀጉር ተጠምጥሟል።

«የእርስዎ ፀጉር ነው?»

«ሲጫወት አጠገቡ እተኛ ነበር።»

ጠጋኙ ፀጉሩን በወረንጦ ቀስ እያለ አወጣ። «አየር አጥቶ ነው። ማዶው ብዙ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም፤ ማሽኑን ያደክመዋል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ሌላ ምክንያት የለውም።»

«ሌላ የለውም?»

ድምጿ ውስጥ የሰማው ቅሬታ ቀና ብሎ እንዲያያት አደረገው። 

በማግስቱ ስትመጣ፣ «ተሠርቷል። ድልድዩን ግን አልተሻገርኩም፤ የእርስዎ ነው» አላትና ወንበር ሳበላት።

ተሻገረች። ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ደኑ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ብቻ የቆመ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት አገኘች።

«አልጨረሰውም» አለች። እንባዋ መጣ። ጠጋኙ አላጽናናትም፤ አጠገቧ ተቀመጠ እንጂ።

ከዚያ በኋላ እሱ የራስ ምታት ክኒን ልግዛ እያለ ፋርማሲው ይመላለስ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቿ «ራስ ምታታሙ መጣ» እያሉ ይጠቅሷታል። «እርስዎ» የነበረው «አንቺ» ሆነ። እሷ ግን ማታ ማታ ወደ ከተማው መሄዷን አልተወችም፤ ላፕቶፑ ሲግል ደግሞ ይዛለት ትመጣለች።

«እኔ እኮ ማሽኑን እያጸዳሁ ወደ እሱ የምልክሽ ሰው ሆንኩ» አላት አንድ ቀን። «ከሕያው ጋር ቢሆን እፎካከር ነበር። ከሙት ጋር በምን አቅሜ?»

ላፕቶፑን አንስታ ወጣች። እሱም መምጣቱን አቆመ።

ሰንበትበት ብሎ አማቷ ልብስ እያጣጠፉ፣ «ያ ራስ ምታታም ቀረ?» አሏት።

ደነገጠች። «እማዬ፣ ማን ነገረዎት?»

«ስለ እሱ በስልክ እያወራሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። በዚህ ቤት ሳቅ ከጠፋ ቆይቷል።» ልብሱን አስቀመጡ። «ልጄን ቀብሬያለሁ፤ አንቺንም አብሬ አልቀብርም።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጥገና ቤቱ ሄደች። ውስጥ የነበረው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀች።

«ልረሳው አልችልም» አለችው።

«እርሺው አላልኩም።»

«ከተማውንም አላጠፋውም። አንዳንድ ቀን እሄዳለሁ። ስመለስ ግን የሚጠብቀኝ አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ።»

 እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

በሩን ቆልፎ አብረው ወጡ። ትንሽ እንደሄዱ አንዴ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማንም አልነበረም። እሱም ማንን እንደፈለገች አልጠየቃትም፤ እርምጃውን ብቻ ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ።