ሕፃኑ ያላለቀሰበት ከሰዓት

አማቲቱ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ብርጭቋቸው ውስጥ የቀረው የሻይ አተላ ብቻ ነው። ሐኪሙ የገደላቸው ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒት ነው አለ። መርማሪዋ ስትደርስ ምራቲቱ ሕፃን ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች፤ ገና ሳትጠየቅም አመነች።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። እንዲህ ያለው የእምነት ቃል አላለፈላትም።

«ሳልሆን አልቀርም ማለት ምን ማለት ነው፣ እህቴ?»

«ከሰሞኑ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ትናንት በስኳር ፈንታ ሻይ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። እሷ ደግሞ አይቼሻለሁ ብላኛለች።»

«እሷ» የባሏ እህት ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ቃሏን ግን ሳትደናቀፍ ሰጠች።

«ከምሳ በኋላ ልጁን አልጋው ላይ አስተኝታ ማድ ቤት ገባች። የልብ ጠብታውን የእማዬ ሻይ ላይ ስታንጠባጥብ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ደክሟት ነው፣ አልፈርድባትም።»

ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው ከመንገድ የገባው። ሚስቱ ከታሰረች ልጁን ማን እንደሚይዝለት ሲጠየቅ ወደ እህቱ አየ።

ጎረቤታቸው ሰዓት ሠሪው ደግሞ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ግድግዳው ወረቀት ነው። ያ ልጅ ሲያለቅስ ሰፈሩ አብሮት ያለቅሳል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ግን ጭጭ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰዓቶቼን ድምፅ እየሰማሁ ስሠራ ዋልኩ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ልጁን አጋድሚው» አለች።

እናትየው እያመነታች አጋደመችው። ጀርባው ሶፋውን እንደነካ ጆሮውን ይዞ ጮኸ፤ ሲያነሱት ጩኸቱ ወደ ሳግ ወረደ።

«ጆሮውን ነው ያመመው። ሲጋደም ይብስበታል፣ ቀና ሲል ይታገስለታል። የኔንም ልጅ አድርጎታል። የት ነው የሚተኛው?»

«ደረቴ ላይ። ወንበር ተደግፌ።»

«ዛሬ ከምሳ በኋላ ድምፁ አልተሰማም፤ እንግዲያው አልተጋደመም። አክስቱም ያዝኩት አላለችም፤ የያዘችው እናቱ ናት።» የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለሹፌሩ ሰጠችው። «በአንድ እጅህ ክፈተው።»

ታገለ፤ አልቻለም።

«ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንተ መንገድ ላይ ነበርክ። ቤት ውስጥ ሁለት እጇ ባዶ የነበረችው ማን ናት?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ሳያድር ቀለለ። እህትየው ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች።

«ጠብታውን የምሰጣት እኔ ነኝ። ጠዋት መስጠቴን ረሳሁና ደገምኩ፤ ከሰዓትም ሳልሰጣት አልቀረሁም። እኔም እኮ አልተኛሁም። ለእሷ ሁሉም ያዝንላታል፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ወንድሟ ፊቱን አዞረ። የመለሰችላት ምራቲቱ ናት።

«ስትነግሪኝ እኮ ጠርሙሱ እጄ ላይ ታየኝ። ቅዝቃዜው ሳይቀር ተሰማኝ። ዕድሜ ልኬን ገደልኳቸው እያልኩ ልኖር ነበር።»

ልጁ እንደገና ማልቀስ ጀመረ። እህትየው እንደልማዷ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። እናትየው አልሰጠቻትም።