የጠራው ፈሳሽ

ልጅቷ የሞተችው የአባቷ ጉበት ተቆርጦ በተተከለላት በሰባተኛው ቀን ነው። አባትየው የራሱ ቁስል ሳይጠግግ፣ ጎኑን ደግፎ በኮሪደሩ እየተንገዳገደ ያገኘውን ሁሉ «የኔ ጉበት ነው የገደላት?» ይላል።

ሆስፒታሉ የሞቱን ምክንያት የምታጣራ መርማሪ ጠራ። ጥያቄዋ ስለማያልቅ «እትዬ ለምን» ይሏታል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ እሱኑ ግማሽ ቀን ትፈልጋለች፤ ሌላ ነገር ግን አያመልጣትም።

ቀዶ ሐኪሙ ያን ሁሉ ትምህርት ተሸክሞ ጥፍሩን ይበላል።

«ምን ገደላት?»

«ሐሞት። ከተሰፋበት ሾልኮ ሆዷ ውስጥ ተጠራቀመና መረቀዘ።»

«ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ አልነበራትም እንዴ?»

«በአራተኛው ቀን ነቀልኩት። ፈሳሹ ቀንሷል ተብሎ ተጽፏል።»

የጻፈችው ነርስ ዐይኗ አብጧል። «ከራስሽ ፈጥረሽ ነው ይሉኛል። የቱቦው ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን ከረጢት በየጠዋቱ ለክቻለሁ፣ እትዬ! ትንሽ ነው፤ ደግሞ ኩልል ያለ፣ እንደ ውሃ።»

እትዬ ለምን አልጋው አጠገብ ካለው የእጅ መታጠቢያ ላይ አጎነበሰች። የማፍሰሻውን ማጣሪያ አነሳች። ከሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ ተጣብቋል።

«ማን ነበር የሚያስታምማት?»

«አክስቷ። እናትየዋ ታች የተኛው ባሏ ጋ ነበረች።»

ሁሉንም ባዶው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ከተቀደደ ሆድ የሚወጣ ፈሳሽ ወይ ደም፣ ወይ ቢጫ ይቀላቅላል። እንዲህ የሚጠራው ውሃ ብቻ ነው። ሰው አረንጓዴውን ሐሞት ከከረጢቱ እዚህ መታጠቢያ ውስጥ እየደፋ ትንሽ ውሃ ጨምሮበታል። ነርሷ ያየችውን ጻፈች፤ ሐኪሙም አምኖ ቱቦውን ነቀለ። ዶክተር፣ አረንጓዴ ቢመጣ ምን እናደርጋለን ብለው ነበር?»

«ደግመን እንከፍታታለን።»

«ይህን ያሉት የት ቆመው ነው?»

አንገቱን ደፋ። «እዚሁ። ልጅቷና አክስቷ ፊት።»

«ስለዚህ አረንጓዴውን የምትፈራው ልጅቷ ናት። ከአልጋዋ መነሳት ግን አትችልም።» እትዬ ለምን ወደ አክስትየዋ ዞረች። «እህቴ፣ ለምን?»

አክስትየዋ ወንድሟን፣ የልጅቷን አባት፣ እንጂ መርማሪዋን አላየችም። «ወንድም ጋሼ፣ አንገቴን አቅፋ ‹ሆዴን ደግመው እንዳይከፍቱኝ ማይልኝ› አለችኝ። ማልኩላት። አረንጓዴውን ካላዩት ይተዋታል፣ በራሱ ይደርቃል ብዬ…»

እናትየዋ ጮኸች። ነርሷ ያዘቻት።

«ጉበቴስ?» አለ አባትየው።

«ጤነኛ ነበር» አለ ሐኪሙ። «እስከ መጨረሻው ሠርቷል።»

ስንት ቀን የለመነው መልስ ነው። እንዳገኘው ተንሸራቶ እህቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ መለሰው።

«ስትሞት ፈርታ ነበር?»

«አልፈራችም፣ ወንድም ጋሼ። አይከፍቱሽም ብያት አምናኝ ነበር።»