መስኮት ከፍተው ክብሪት አይለኩሱ

እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ነው። ባሕር ማዶ ክላርክስተን ወደምትባል ከተማ ለሚገቡ ስደተኞች የጋዝ ማሞቂያ መመሪያ በአማርኛ ይጻፍ ተባለ። ሥራው የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ታይፕ ለምታደርገው ለሉሊትና ደንዉዲ በምትባል ጎረቤት ከተማ ለሚሠራው ኢንጂነር ለሳሙኤል ተሰጠ።

የአፓርትመንቶቹን ማሞቂያ የሚጠግነው መርዕድ ሉሊትን ከወደዳት ዓመት አልፎታል። አልነገራትም። ምሳ ሰዓት ላይ ፒካፑን ቢሮው ደጃፍ ፓርክ ሲያደርግ፣ ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ሲሳሳቁ በመስኮቱ ያያል። አንድ ቀን ሳሙኤል እስክሪብቶ ሲቀበላት ጣቶቻቸው ተነካኩ። መርዕድ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

መመሪያው ሲያልቅ ሉሊት ለእሱ አመጣችለት። ማሞቂያውን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ ሳያነበው እንዳይባዛ ፈልጋ ነበር። መርዕድ ግን ዳሩ ላይ የሳሙኤልን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ደሙ ፈላ። ሳያነብ «ደህና ነው» ብሎ መለሰላት።

በሳምንቱ ስኮትዴል የሚባል ሰፈር፣ ወይዘሮ ደጊቱ ቤት ማሞቂያ ተበላሸ ተብሎ ሄደ። የጋዙ ሽታ በር ላይ ተቀበለው። አሮጊቷ መስኮቱን ሁሉ ዘጋግተው ክብሪት ሊጭሩ ነበር። ክብሪቱን ነጥቆ ወደ ውጭ አወጣቸው።

«ወረቀቱ እንዳለው ነው ያደረግሁት፣ ልጄ» አሉት። «‹ጋዝ ሲሸትዎ መስኮት ከፍተው ክብሪት አይለኩሱ› ይላል። እኔም ዘጋሁት።»

መርዕድ ወረቀቱን አየ። «ከፍተው» ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ የለም።

በሳሙኤል ማላከክ ይችል ነበር። እሱ ግን ቀጥታ ወደ ሉሊት ሄዶ የሆነውን ነገራት።

«አላነበብኩትም። ቀንቼ ነው።»

«ቢሞቱስ?» አለች ሉሊት።



ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍላ አዲስ ወረቀት አባዛች፤ ከዚያ ፒካፑ ውስጥ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። አሮጌውን ወረቀት በየቤቱ እየሰበሰቡ አዲሱን ሲያድሉ ዋሉ። መንገድ ላይ፣ ሳሙኤል ላግባሽ ብሎ ጠይቋት እምቢ እንዳለችው ነገረችው።

«ለምን?» አላት፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«አንተ እስክትናገር ስጠብቅ ነዋ።»

የመጨረሻውን በር የከፈቱት አቶ ኃይለማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው ሁለቱን ተራ በተራ አዩና፣ «ባልሽ ነው?» ሲሉ ሉሊትን ጠየቋት።

መርዕድ አቀረቀረ።

«ገና ነው፣ አባባ» አለች።