ነፍስ ይማር የጻፉት

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ሳይጠገብም ወጣ። ከጎንደር በላይ ባለችው በድብ ባሕር ገብሱ እሸት ሳይይዝ ቢጫ ሆነ። ዘር የተረፋቸው ደግመው ዘሩ፤ እሱን ደግሞ ውርጭ መታው። በመስከረም በጎቹ ተሸጡ፤ በጥቅምት በሬዎቹ። ሻጩ ስለበዛ ዋጋ አላወጡም። ወንዶቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረዱ። ገሚሱ ትንሽ ብር ይዞ ተመለሰ፤ ገሚሱ ወባ ይዞ። ነጋ የሚባሉ ገበሬ ወባውን ይዘው ከተመለሱት አንዱ ነበሩ። በኅዳር መጨረሻ አረፉ።

ፈትሂያ ይህን የሰማችው ከስልኳ ነው።

የሒሳብ የቤት ሥራ እየሠራች ነበር። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ አነሣችው። «የግሩፓችን አባል የሆነችው እህታችን አምሳል ነጋ አባቷን በሞት ተነጥቃለች» ይላል። የጻፈው ክንዱ ነው። ክንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን «የሰው ባሕርይ» የሚባለውን የፌስቡክ ግሩፕ ያቋቋመው እሱ ነበር። አባላቱ አብዛኞቹ የጎንደር ተማሪዎች ናቸው። ስለ ሰው አእምሮና ስለ ሰዎች ጠባይ የተጠና ነገር ከእንግሊዝኛ ይፈልጉና በአማርኛ ጽፈው ያመጣሉ። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ለምን ያዛጋል? ብዙዎች የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ እውነቱን የሚያውቀው ለምን አብሮ ይሳሳታል? እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ፈትሂያ ገና አሥረኛ ክፍል ናት፤ ግን ከሷ በላይ የሚነበብ አልነበረም።

ከክንዱ ጽሑፍ ሥር «ነፍስ ይማር» መደርደር ጀምሯል። ፈትሂያም ጻፈች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ የኔ እህት» ብላ የሚያለቅስ ፊት ጨመረችበት። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ተመለሰች።

አምሳል አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጥ ልጅ ናት።

በማግስቱ ለእናቷ ለሸምሲያ ነገረቻት።

«አምሳል? ያቺ የኛዋ አምሳል?»

«አዎ።»

«ውይ ልጄን! መች ልትሄጂ ነው?»

«ከክፍል ሲሄዱ አብሬ እሄዳለሁ።»

«ብድር አለብን ፈትሂ።»

«ኧረ እማ፣ እንዴት እረሳለሁ?»

አልረሳችም። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሟ ሱሀይብ ከማክሰኝት ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። በዕለቱ ተቀበረ። ዘመድና ጎረቤት ቤቱን ሞላው። ከትምህርት ቤት ግን የመጣ አልነበረም። ልጆቹ ኋላ ሲጠየቁ የሙስሊም ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ አናውቅም አሉ። አምሳልም አታውቅም ነበር፤ እሷ ግን መጣች። ያኔ ከገጠር ከገባች ገና ወራት ነበር፤ ከፈትሂያ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። የት እንደሚቀመጡ ግራ ገብቷት ቆመችና ሴቶቹ መሐል ሄዳ ዝም ብላ ተቀመጠች። የቤቱ ቧንቧ ደርቆ ስለነበር ጀሪካን አንሥታ ከቦኖ ውኃ ቀድታ መጣች። በማግስቱም መጣች። የሸምሲያ ዘመዶች «ይቺ የማን ልጅ ናት?» እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

እንዲህ ያለው ብድር በገንዘብ አይመለስም። ሰውም አይላክበትም።

ቢሆንም በዚያ ሳምንት የፊዚክስ ፈተና ነበር። በተከታዩ ቅዳሜ አባቷ ሱቅ ጠብቂልኝ አላት። ፈትሂያ ከክፍል ሰው ሲነሣ እሰማለሁ እያለች ጆሮዋን ጥላ ቆየች። የሚነሣ አልሰማችም። በመጨረሻ የክፍሉን አለቃ መልካሙን ጠየቀችው።

«አምሳል ጋ ማን ማን ሄደ?»

«ግሩፑ ሄዷል አሉ። እነ ክንዱ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ጽፌላታለሁ። አላየሽውም እንዴ? ግጥም ሁሉ ነው የጻፍኩላት።»

ክንዱን በስልክ ጠየቀችው። «የክፍሏ ልጆች ሄደዋል መስሎኝ» አለ። የአምሳልን ቤት አከራይ መንገድ ላይ አግኝታ ጠየቀቻት። «እናንተ ጓደኞቿ እያላችሁ እኔ ምን ብዬ ነው የምሄደው?» አለች ሴትየዋ።

ማንም አልሄደም። ከክንዱ ጽሑፍ ሥር ግን «ነፍስ ይማር» ከሦስት መቶ በላይ ሆኗል።

ፈትሂያ መንገዱ ላይ ቆመች። በክረምት ያነበበችው ጥናት መጣባት። የተቸገረን ሰው አንድ ሰው ብቻውን ሲያየው ይረዳዋል፤ ብዙ ሰው ሲያየው ግን እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ የሚረዳው ያጣል ይላል። ስታነበው የፈረንጅ አገር ነገር መስሏት ነበር። ይኸው እዚሁ፣ በራሷ ክፍል ውስጥ ተገኘ። አዘነች። ያዘነችው ግን በሙሉ ልቧ አልነበረም። የጠፋ ነገር ድንገት እግሩ ሥር ያገኘ ሰው እንደሚሰማው ያለ ደስታም ነበረበት።

አባቷ ዐብዱረሕማን ሱቅ ውስጥ፣ ከጣቃ ጨርቆቹ ጀርባ ተቀምጣ ጻፈችው። መጀመሪያ ጥናቱን አስረዳች። ከዚያ፦ «ከኛው አባላት የአንዷ አባት፣ አንድ ገበሬ፣ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ታሞ ሞተ። ልጁ ጎንደር አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ከሦስት መቶ በላይ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈላት። ስንት ሰው ለቅሶ እንደደረሳት ታውቃላችሁ? ማንም አልሄደም። እያንዳንዱ ሌላው ሄዷል ብሎ አስቦ ነበር።»

እስከ ማታ ድረስ ስልኩ አላረፈም።

«ወይኔ! ዐፈርኩ በአላህ።»

«የኛ ነገር እኮ አበቃለት። ሼር አድርጉት!»

«ይመችሽ ፈትሂ፣ ውስጣችንን ነው ያወጣሽው።»

ክንዱ ለብቻዋ ጻፈላት። «ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይሄ በለጠ። ዶክተር ፈትሂያ ብለንሻል!» ፈትሂያ ሳቀች። አንድ የማታውቀው ልጅ ደግሞ ሁሉም በሚያየው ቦታ «አንቺስ ሄድሽ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ደጋግማ አየችው። ክንዱ ቀደማት፦ «ተይው፣ እሱ ፋራ ነው። እንዳትመልሽለት።» አልመለሰችለትም።

ጽሑፉ ከግሩፑ ወጥቶ በሌሎች ገጾች ዞረ። መልካሙ በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። ተማሪው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። አንዷም አለቀሰች። ከአንባቢዎቹ መሐል ግን ተነሥቶ ድብ ባሕር የሄደ አልነበረም። ፈትሂያም ለሚያመሰግኗት መልስ ስትሰጥ ሰነበተች።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት ስልኳን ከፈተች። ከምስጋናው ሥር አንዲት አጭር መስመር አገኘች። የጻፈችው አምሳል ነጋ ናት።

«ሸጋ ጽፈሻል።»

ሌላ ምንም የለበትም። መልካሙ ከሥሩ ላይክ አድርጎበታል።

ፈትሂያ ያን ቀን ወደ ክፍል አልተመለሰችም። ቤት ገብታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሸምሲያ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ምነው? አመመሽ?»

ፈትሂያ ጽሑፉን አነበበችላት። ሸምሲያ እጇን ከልብሱ ላይ ሳታነሣ ሰማች።

«ይሄን ስትጽፊ ልጅቷ የት ነበረች?»

«ቤቷ።»

«አንቺስ?»

«ሱቅ።»

ሸምሲያ ልብሱን አስቀመጠች። «ቅዳሜ ሂጂ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ከጎንደር መውጫ ያለችውን ወለቃን ሲያልፍ ሸክላ ሠሪዎቹ ዕቃቸውን አስፋልቱ ዳር እየደረደሩ ነበር። ወደ ደጋው እየወጡ ሲሄዱ ማሳው ባዶ ነበር። ነዶ የለም፤ ክምርም የለም። ፈትሂያ የምትለውን እያሰበች ሄደች። ይቅርታ በይኝ፣ አብረን እንመለስ፣ ያለፈሽን አስጠናሻለሁ። ደግማ ደግማ አሰበችው። ቃላቱ ጥሩ ነበሩ። ልክ እንደ ጽሑፏ ጥሩ ነበሩ። ይህን ስታስተውል ማሰቡን ተወችው።

ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። አንድ ሽማግሌ የግቢውን አጥር ያስራሉ። የአምሳል አጎት አያ ሰጠኝ ናቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ከጎንደር ነው የመጣሁ አያ። የአምሳል ጓደኛ ነኝ።»

«ጓደኛ» አሉ። ዐይናቸውን ከእንጨቱ አላነሡም። «ድንኳኑ ከፈረሰ ሰነበተ።»

«አውቃለሁ አያ።»

«ተማሪዎች ይመጣሉ እያለች መኪና በቆመ ቁጥር አስፋልት ትወጣ ነበር። ንፍሮ እንኳ አስቀምጡላቸው ብላ አስቀመጥንላችሁ። በዚህ ዓመት እህል ቀቅሎ ማስቀመጥ…» አልጨረሱትም። ገመዱን ሳብ አደረጉት። «ውስጥ ናት። ግቢ።»

አምሳል መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ለብሳለች፤ ጠጉሯ ተላጭቷል። ፈትሂያን ስታይ አልተነሣችም። ፈትሂያ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች።

«እዚህ አይወለቅም» አለች አምሳል። «ጭቃ ነው።»

ፈትሂያ አጠገቧ ተቀመጠች። ውጭ አያ ሰጠኝ የአጥሩን እንጨት ሲመቱ ይሰማል።

«ባለሱቁ ነው ያነበበልኝ» አለች አምሳል በመጨረሻ። «ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ሄጄ። "ይሄ ነጋን አይደለም እንዴ?" አለኝ።»

«ስም አልጻፍኩም ነበር።»

«ቆላ ወርዶ የሞተ፣ ልጁ ጎንደር አሥረኛ ክፍል የምትማር። እዚህ ስንት ያለ መሰለሽ?»

«አምሳልዬ፣ ትመለሻለሽ አይደል? የአሥረኛ ክፍል ፈተናው እኮ ገና ነው።»

«በምን? በሬው ተሽጧል። ማክሰኝት አክስቴ ሻይ ቤት አላት። ከገና በኋላ እሷ ጋ እገባለሁ።»

«እስከ ፈተናው ብቻ እንኳ ብትቆዪ…»

«ተይ ፈትሂያ።»

ድሮ ፈትሂ ነበር የምትላት።

«ጽሑፉን አጠፋዋለሁ» አለች ፈትሂያ።

«ምነው? እውነት አይደል እንዴ?» አምሳል ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። «ስለ አባቴ የተጻፈ ነገር እሱ ብቻ ነው። ግን "አንድ ገበሬ" ነው የሚለው። ስሙን አግቢበት።»

ፈትሂያ ስልኳን አወጣች። «አንድ ገበሬ» የሚለውን አጥፍታ «አቶ ነጋ ሀብተ ማርያም፣ የድብ ባሕር ሰው» ብላ ጻፈች። ወደ ታች ወረደች። «ማንም አልሄደም» የሚለው ላይ ጣቷ ቆመ። ከሱ ቀጥላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ጽፈው ከቀሩት አንዷ እኔ ነኝ፤ ፈትሂያ ዐብዱረሕማን፤ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ ነበር።»

ስልኩን ለአምሳል ሰጠቻት። አምሳል ቀስ ብላ አነበበች።

«ይሰድቡሻል።»

«ይስደቡኝ።»

«ክንዱም ያስወጣሻል።»

«ያስወጣኝ።»

አምሳል ስልኩን መለሰችላት። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ ጽሑፉ ብዙ ቆይቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» ይላል።

«የመጨረሻዋ ናት» አለች አምሳል።

«ትሂድ።»

ፈትሂያ ለእናቷ ደወለች። «አድሬ እመጣለሁ» አለች። «እደሪ» አለች ሸምሲያ። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ከመደቡ ሳትነሣ ተቀመጠች። ምንም አላወራችም፤ ምንም አልጠየቀችም። አንዲት ጎረቤት ገብታ ከነሱ ጋር ጥቂት ተቀምጣ ወጣች። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብላ አያ ሰጠኝን በር ላይ ስትጠይቅ ተሰማ። መልሳቸው አልተሰማም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ሰጠኝ እጃቸውን እያራገፉ ገቡ። ፈትሂያን ቆመው አዩዋት።

«አልሄድሽም?»

«አልሄድኩም አያ።»

«በይ እንግዲህ፣ የወንድምሽ ለቅሶ ብድር ደርሶናል ልጄ። ለእናትሽም እንዲሁ በያት።»

ፈትሂያ ወደ አምሳል ዞረች። አምሳል ራሷን ነቀነቀች።

«ደርሶናል» አለች። «ከእንግዲህ ምንም የለብሽም።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፈትሂያ ቁጣ ቢኖርበት ትመርጥ ነበር።