ፎንቱ የማይቀይረው መስመር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከመሃል ተነስቼ ዕቃ ላጥብ የምል ሰው ነኝ፣ እውነቴን ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ቤቱ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ፣ ስሜን የሚጠራ ሰማሁ እያሉ ሲጫወቱ በሆዴ «ይሄኔ ጎረቤት ነው» እላለሁ፣ ሥራዬም እንደዚያ አድርጎኛል፣ ናይሮቢ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ያለ ምክንያት የተበላሸ አንድም ዕቃ አላየሁም፣ ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ ባለቤቱ ያልሆነ ነገር ነክቶ ነው። ስለዚህ ይህንን ለማመን ብትቸገሩ አልቀየማችሁም፣ እኔ ራሴም ገና አልገባኝም።

ቅዳሜ ነው፣ ከምሳ በኋላ። ካሳራኒ ካለችው ሱቄ ተነስቼ ሁለት ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ቀይሬ ኢምባካሲ ሄድኩ፣ እማማ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት እናት ቤት። እማማ ለተብርሃን ከባለቤታቸው ከአቶ ኪዳኔ ጋር አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የገቡ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። አቶ ኪዳኔ ባለፈው ዓመት አርፈዋል፣ እኔ በሕይወት እያሉ አይቻቸው አላውቅም።

ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር ነው ያለው፣ ያ ወፍራሙ የድሮ ስክሪን፣ ከላዩ በዳንቴል ተሸፍኖ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱም እሱም አብረው ይንቀጠቀጣሉ።

«ሚሚ ልጄ» አሉኝ ወንበር እየሳቡልኝ፣ «ስንሰደድ የሰባት ወር ወንድ ልጅ ነበረን። መንገድ ላይ እኔንም ልጁንም ንዳድ ያዘን። እኔ ራሴን ስቼ ነበር፣ ስነቃ ልጁ የለም። ኪዳኔ ብቻውን ቀብሮታል።»

«የት?»

«እሱን ነው የማላውቀው። በጠየቅኩት ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። ሊሞት ሲል ግን "ጽፌዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ" አለኝ። አሁን ልጄ መጥታ ወደዚያው ልትወስደኝ ነው፣ ግን የቱ ጋ ብዬ ልሂድ?»

ፋይሉን ከፈትኩት፣ ሙሉውን ገጽ ዝብርቅርቅ ነው። ለማታውቁት ላስረዳ፣ የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ደብቀው ነበር የሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ ካለ አማርኛ ሆኖ ይነበባል፣ ፎንቱ ከሌለ ነጥብና ሰረዝ የተለጠፈበት የማይነበብ ነገር ይሆናል። እማማ «ኮምፒውተሩ ዘገየ» ሲሉት የሰፈር ፉንዲ፣ እዚህ ጠጋኝን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭኖት ፎንቶቹ ጠፍተዋል፣ በቃ፣ ችግሩ ይኸው ነው፣ ምንም ተአምር የለውም። ፍላሼ ላይ የሰበሰብኳቸው የድሮ ፎንቶች ስላሉኝ «ግማሽ ሰዓት ነው እማማ» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ጫንኩ። ገጹ አማርኛ ሆነ፣ ግን ፎንቱ የዚያ ጽሑፍ ስላልሆነ ፊደሉ ሁሉ ቦታውን ስቷል፣ ትርጉም የለውም። መሃል ላይ ግን አንድ መስመር ጥርት ብሎ ተነበበ፣ «መስኮቱን ዝጊው፣ ዝናብ ይገባል።»

ሳቅኩ፣ ጮክ ብዬም አነበብኩላቸው። እማማ ተነስተው መስኮቱን ዘጉት።

«ፀሐይ እኮ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ይለኝ ነበር አላሉም፣ ይለኛል ነው ያሉት፣ እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሁለተኛውን ፎንት ጫንኩ፣ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ተለወጠ፣ ያ መስመር አልተለወጠም። እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ፣ ምክንያቱም ፎንት ሲቀየር ሁሉም አብሮ መቀየር አለበት፣ ምናልባት ያቺን መስመር ለብቻዋ በሌላ ፎንት ጽፈዋት ይሆናል ብዬ ገጹን በሙሉ መርጬ ወደ እንግሊዝኛ ፎንት መለስኩት፣ እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ገጹ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል መታየት አልነበረበትም፣ እሷ ግን ቁጭ ብላለች፣ «መስኮቱን ዝጊው፣ ዝናብ ይገባል።» ልሰርዛት ሞከርኩ፣ ጠቋሚው ከላይዋ ያለው መስመር ላይ ይቆምና ወደ ታች ስለው ዘሏት ያልፋል። ሥዕል ትሆን ብዬ አየሁ፣ ሥዕልም አይደለችም።

አጠፋሁትና እንደገና አስነሳሁት። ሲነሳ የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያው ክርርር ብሎ መፈተሹ ያለ ነው፣ አንዴ ፈትሾ ይተዋል፣ ይኼ ግን አልተወም፣ ክርርር ይልና ዝም፣ እንደገና ክርርር፣ ውስጡ ምንም የለ። ጣቴን ብሰደው አቧራ ብቻ ነው የነካሁት።

«ዲስኩን ፈልጎ ነው» አሉ እማማ፣ ልክ ስለ ተራበ ልጅ እንደሚያወራ ሰው፣ ከአልጋው ሥርም የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ፍሎፒ ሞልቶበታል። ሁለቱ አልሠሩም፣ ሦስተኛው ላይ በቀጭን እጅ ጽሑፍ «ፊደል» የሚል ተለጥፎበት ነበር፣ እሱን ሳስገባው ድምፁ ቀጥ አለ። የፈለግኩት ፎንት እዚያ ነው ያለው። እየጫንኩት ሳለ መስኮቱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቀና ስል ዝናብ ነው።

ለናይሮቢ ዝናብ በድንገት መምጣት ብርቅ አይደለም፣ ለራሴም እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ፋይሉን ስከፍተው ገጹ በሙሉ ጥሩ አማርኛ ሆነ። አነበብኩላቸው። ሞያሌን አልፈው የመጀመሪያው የውኃ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በስተጀርባ ሁለት ቦታ የተከፈለ ግራር፣ ሥሩ ላይ ሦስት ድንጋይ። «ራሱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ፣ ባንቺ ነጠላ ከፍኜ ነው ያስቀመጥኩት። ነጠላዬ የት ሄደ እያልሽ ስትፈልጊ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።»

እማማ ለተብርሃን አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ተሰረቅኩ ብዬ» አሉ፣ «አብረውን የነበሩትን ሰዎች ስንት ዓመት ረገምኳቸው።» ከዚያ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ዝናቡም ዘነበ።

ያ መስመር? አሁን በተራው እሱ ብቻ የማይነበብ ሆኗል፣ ባዶ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ከዳር እስከ ዳር። ከጎኑ ባለው ማተሚያ ገጹን ከነሳጥኖቹ አተምኩላቸውና ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ በአዲሱ ኮምፒውተሬ ከፈትኩት፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ግራሩ ያለው ሁሉ አለ፣ የሳጥኖቹ መስመር ግን የለም፣ ባዶ ቦታ እንኳ አልተወም፣ ከላዩና ከታቹ ያሉት መስመሮች ገጥመዋል።

እማማ ለተብርሃን ከልጃቸው ጋር ሄዱ፣ ጉድጓዱንም ግራሩንም አገኙ፣ ሁለት ድንጋይ ነው የቀረው አሉኝ፣ ቄስ አስመጥተው ጸሎት አስደርሰው ተመለሱ። ተመስገን፣ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በተመለሱ በሳምንቱ ጠዋት ስቴጅ፣ መቆሚያው ላይ፣ ማታቱ ስጠብቅ ደወሉልኝ። «ሚሚ፣ ሳጥኖቹን አነበብኳቸው» አሉ።

«እንዴት እማማ? ፊደል እኮ አይደሉም።»

«እንጃ ልጄ፣ ወረቀቱን ሳነሳው ተነበበልኝ። ወለተ ሐና የምትባል ሰው ታውቂያለሽ?»

ወለተ ሐና የክርስትና ስሜ ነው። እናቴና የንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፣ ናይሮቢ ውስጥ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አትጠይቁኝ።

«ኪዳኔ ለሷ የጻፈው ነገር አለ። አፈላልጌ እሰጣታለሁ።»

«ምን ይላል?»

«የሷ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም፣ የሰው መልእክት አይነገርም» አሉኝ በቁጣ ሳይሆን በደግ ድምፅ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እኔ የማስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን እየመጡ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ወረቀቱን አጣጥፈው በእጃቸው ይዘው ሴቶቹን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ባለፈው እሑድ እኔ ወደቆምኩበት መጡ፣ ትከሻዬን ያዙና «ጓለይ፣ ልጄ፣ ለመሆኑ ያንቺ የክርስትና ስምሽ ማነው?» አሉኝ።

«ማታቱ እንዳያመልጠኝ» ብያቸው ወጣሁ። እሑድ ቀን ማታቱ እኮ ሞልቶ የተረፈ ነው።