የተፈታው የመሬት ሽቦ

ሟቹ በቤታቸው የሥራ ክፍል፣ በመለኪያ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። በቀኝ እጁ ጣቶች ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ፤ ከበላዩ ያለው ስክሪን ግን የመጨረሻውን ግራፍ እንዳሳየ ነው። ሥራው ፓወር ሰፕላይ ከሚባሉ ልዩ ልዩ የብረት ሣጥኖች ኤሌክትሪክ የሚያገኝ የድምፅ መሣሪያ ምን ያህል ጂተር እንዳለበት፣ ማለትም የዲጂታሉ ድምፅ ምት ምን ያህል ከጊዜው እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ መለካት ነበር። በዚያ ቀን የሚለካው ታላቅ ወንድሙ ዕድሜውን የፈጀበትን ፓወር ሰፕላይ ነው።

መርማሪው ለመናገር የማይቸኩል ሽበታም ሰው ነበር። አስቀድሞ እናትየውን አነጋገረ። ሰው ሁሉ ልጃቸው በገዛ ቸልተኝነቱ እንደ ሞተ ያወራል።

«ያ ልጅ ሻይ እንኳ ሳያቀዘቅዝ አይቀምስም ነበር፤ አደራ፣ ስሙ ይህን ይዞ አይቀበር» አሉት።

የታላቅ ወንድምን ፓወር ሰፕላይ ለገበያ ለማቅረብ ቋምጦ ውጤቱን ሊሰማ የመጣው ሻጭ ሽቦ ነክቶ እንደሆነ ተጠየቀ። «እኔ? አምፖል ሲቃጠልብኝ እንኳ ጎረቤት ነው የምጠራው» አለ። ቀኑን ሙሉ ከሳሎን እንዳልተነሳና ጩኸት ሲሰማ ሐኪም ሊጠራ እንደ ሮጠ እናትየውም መሰከሩለት። ታላቅ ወንድም በበኩሉ፣ ጩኸቱን ሰምቶ ብቻውን ገብቶ ስፒናውን ከመንቀሉ በቀር ምንም እንዳልነካ ተናገረ።

መርማሪው የፓወር ሰፕላዩን ክዳን ከፈተ። የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ ጠብቆ ታስሯል፤ ፊውዙም ደኅና ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን በክዳኑ ጠርዝ ተቆንጥጦ ተልጧል። ክዳኑን እንደ ነበረ መልሶ የቤቱን ሰው ሁሉ ሰበሰበና፣ ማንም እንዳይጠጋ አስጠንቅቆ ስፒናውን ሰካ። ፊውዙ ጧ ብሎ ተቃጠለ።

«የመሬቱ ሽቦ ታስሮ ሳለ የሚቃጠለው ፊውዙ ነው፤ ሰው አይሞትም። እኔ ስደርስ ግን ፊውዙ ደኅና ነበር። እንግዲህ ሟቹ ሣጥኑን ሲነካ ሽቦው ተፈቶ ነበር፤ የታሰረው ከሞተ በኋላ ነው።»

ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። ከምሳ በፊት በተለካው ግራፍ ግራና ቀኝ እንደ እሾህ የቆሙ መስመሮች ነበሩ፤ ከምሳ በኋላ ጠፍተዋል።

«የድምፅ ሰዎች ክፉ ልማድ አላችሁ፤ በመሬቱ ሽቦ በኩል የሚገባው ረብሻ ጠፍቶ ግራፉ እንዲጠራ ሽቦውን ትፈታላችሁ። ሟቹ ይህን አጥብቆ ይከለክል እንደነበር ሁላችሁም ነግራችሁኛል። በምሳ ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ሽቦውን የፈታ ሰው በጥድፊያ ሲዘጋው ሌላውን ሽቦ ቆነጠጠ። ከሞተ በኋላ መልሶ ለማሰር ደግሞ ከሬሳው ጋር ብቻውን የቆየው አንተ ነህ።»

ታላቅ ወንድም ወደ እናቱ ዞረ።

«እንዲሞት አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ፣ ሥራህ ጥሩ ነው እንዲለኝ ብዬ ነው።»

«እሾሁን ያጠፋኸው ሽቦውን ፈትተህ ነው፤ ጂተሩ ግን ያው ነው» አለ መርማሪው። «በተራ የገበያ ፓወር ሰፕላይ ከተለካው በምንም አይለይም።»

እናት አላለቀሱም። «እንግዲያው ልጄ ቸልተኛ አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም፣ እማማ።»

«ደግ ነው» አሉ፤ ትልቁ ልጃቸው በካቴና ታስሮ በፊታቸው አለፈ። ከዚያ ወዲያ፣ ልጃቸው ቸልተኛ እንዳልነበረ የሚነግሩት ሰው በቤቱ አልቀረም።